ከካምቢዮው ሥር የወሸቅኳት ካርቶን

ይህን ታሪክ ራሴን ደህና ሰው አድርጌ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። አራተኛው ይኸውና። እንዳለ ልንገራችሁ፤ ፍረዱኝም።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ አንድ ነው፤ "ከመንካትህ በፊት አጥፋ፤ ካጠፋህ በኋላ ቆልፍ፤ ከቆለፍህ በኋላ ፈትሽ።" ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ ተማሪዎቹም እንደ ጸሎት በኅብረት ይደግሙታል። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ቆጣሪ ሳላጠፋ ሶኬት እፈታለሁ፤ ሚስቴ ሰብለ ስትጮህብኝ "ሥራዬ እኮ ነው" እላታለሁ። ሰው ሁሉ "መምህር፣ መምህር" ሲለኝ ጊዜ ደንቡ ለተማሪ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አንዲት ትንሽ አውቶማቲክ መኪና ከሰው እጅ ገዛሁ። ቤታችን ቁስቋም ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ዳገት ላይ። ከበራችን ሃምሳ እርምጃ ያህል ቁልቁል ሲወረድ መንገዱ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ጉልት አለ፤ ሴቶች ሽንኩርትና ጎመን ዘርግተው ይውላሉ። ከእኛ በር ፊት ለፊት ደግሞ አያ ጥጋቡ አሉ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ወጪ ወራጁን ይመለከታሉ። ከአጠገባቸው አንዲት ሦስት ማዕዘን ጥቁር ድንጋይ አትጠፋም። ታኮ ናት። እኔ ዳገቱ ላይ መኪና ባቆምኩ ቁጥር ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ከኋላ ጎማዬ ሥር ይደግፏታል።

"አያ ጥጋቡ፣ ይህቺ እኮ ታኮ አትፈልግም" አልኳቸው አንድ ቀን። "ካምቢዮው ፒ፣ ማለትም ማቆሚያው ላይ ከገባ ውስጥ ያለ ጥርስ ጎማውን ይቆልፈዋል።"

"ጥርስ ይወልቃል፣ ልጄ" አሉኝ። "ድንጋይ ሲወልቅ አላየሁም።"

ሳቅሁ። ሌላ ቀን ግን እንግዶች ይዤ መጥቼ ስለነበር ታኮዋ አሳፈረችኝ። የገጠር አይሱዙ የያዝኩ አስመሰለችኝ። "እባክዎ ጎማዬን አይቧጭሩብኝ" አልኳቸው ሰው ፊት። አያ ጥጋቡ ድንጋያቸውን አንስተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያም ከጎማዬ ሥር አላደረጓትም።

አሁን ስለ አባቴ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ልጅ ሳለሁ ከእግራቸው ሥር ስለተማርኩ "አባባ" ብያቸው አላውቅም፤ እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነው የምላቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አያዩም። ድጓ ደግሞ ከፊደሉ በላይ የተደረደሩ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ያሉት መጽሐፍ ነው። "ዜማው በልቤ አለ" ይሉኝ ነበር፤ "ተማሪው ምልክቱን ስቶ ሲጽፍ ግን በምን ዓይኔ ላርመው? ስሕተት አስተላልፌ እንዳልሞት ነው የምፈራ።"

ሰብለ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የዓይን ሐኪሞች ከሌላ አገር ለሦስት ቀን ሊመጡ መሆኑን የሰማችው እሷ፣ ወረፋውን የያዘችላቸውም እሷ ናት። ሰኞ ምርመራ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቀዶ ሕክምና። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዋዜማው መጥተው እኛ ዘንድ ያደሩትን የኔታን ከፊት ወንበር አስቀመጥኩ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ መቋሚያቸውን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አጋደሙት። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ተነሳ። ፍሬኑን ረግጬ ካምቢዮውን ከፒ ላስወጣ ብል እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። እንደተቸነከረ ነው።

አያ ጥጋቡ ከመኪናዋ ኋላ ቆመው ኖሯል።

"መምህር፣ ፍሬኑን እየረገጥህ ነው?"

"እየረገጥኩ ነው።"

"ምነው ታዲያ የኋላው መብራት አይበራ? እስቲ ደግመህ ርገጥ። የለም፤ ጨለማ ነው።"

ግማሹን ምርመራ እሳቸው ጨረሱልኝ ማለት ነው። በአውቶማቲክ መኪና ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ፔዳሉ ሲረገጥ የኋላውን መብራት ታበራለች፤ ለካምቢዮው መቆለፊያም "እግሩ ፍሬን ላይ ነው፤ ልቀቀው" ብላ ትናገራለች። መብራቱ ካልበራ፣ ካምቢዮውም ካልተላቀቀ፣ ጥፋቱ ያው ከዚያ መስመር ላይ ነው። እኔ ግን አላመሰገንኳቸውም። "እሺ፣ እሺ፣ እኔ ላየው" አልኩና ቴስተሬን አመጣሁ።

ፊውዙን ነቅዬ አየሁት፤ ደህና ነው። ከዚያ ከመሪው ሥር ተዘቅዝቄ ገባሁና የማብሪያዋን ሁለት ሽቦዎች በቴስተሩ ለካሁ። በአንዱ ኤሌክትሪክ ይገባል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በሌላው መውጣት ሲገባው አይወጣም። "ሞታለች!" ብዬ ብቅ አልኩ፤ ላቤ በግንባሬ እየወረደ፣ በደስታ። አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ሥራ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እንዲሁ ነው የምሠራው።

"ሸጋ!" አሉ አያ ጥጋቡ። "እንግዲህ በሽታው ከታወቀ የኔታን በባጃጅ ውሰዳቸው። ስትመለስ ፒያሳ ላለው ኤሌክትሪሺያን ትነግረዋለህ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የኋላ መብራት በሌላት ማኪና ደግሞ ከተማ አይገባም።"

ልክ ነበሩ። ግን ሆስፒታሉ ደጅ ላይ፣ የሰብለ ባልደረቦች ፊት፣ ከባጃጅ ስወርድ ታየኝ። መኪና ገዛ የተባለው መምህር፣ ያውም የኤሌክትሪክ መምህር!

ከካምቢዮው እጀታ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች። መኪናዋ ተበላሽታ መጎተት ሲያስፈልጋት በቀጭን ነገር ይጫኗታል፤ መቆለፊያው ለዚያች ጊዜ ይለቃል። በእስክሪብቶ ስጫናት ካምቢዮው ተላቀቀ። እዚያው ላይ ቢበቃኝ መልካም ነበር። ነገር ግን በየቆምኩበት በእስክሪብቶ እየቆፈርኩ ሰው ፊት መታየቱን ጠላሁት። ዳሽቦርዱ ላይ የየኔታ የዓይን ጠብታ ካርቶን ነበር። ክዳኗን ቀድጄ፣ አራት አጥፌ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጥርቅም አድርጌ ወሸቅኳት። ከዚያ ወዲያ ካምቢዮው ፍሬን ተረገጠም አልተረገጠም ከፒ እንደልቡ ይወጣል፤ ሞተር ቢጠፋም፣ ቁልፍ ቢነቀልም። መቆለፊያ የሚባል ነገር አልቀረውም። ይህን አውቃለሁ። ሳላውቅ አይደለም ያደረግኩት።

"ምን ወሸቅህበት?" አሉ አያ ጥጋቡ በመስኮቱ አጎንብሰው።

"ምንም አይደል፤ ለዛሬ ብቻ ነው።"

"አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" አሉና እየሳቁ ወደ ደጃቸው ተመለሱ።

ምርመራው አለቀ፤ ሐኪሙ "ነገ ሁለት ሰዓት፣ መጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸው" አለ። የኔታ በመንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዜሙ ነበር። አቋርጠው "ሸብተሃል ይሉኛል፤ እውነት ነው?" አሉኝ።

"ትንሽ፣ የኔታ።"

"ሐሙስ አየዋለሁ እንግዲህ። ፊትህን ካየሁት ስድስተኛ ዓመቴ ነው።"

ስድስት ሰዓት ላይ ከበራችን ደረስን። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ላይ፣ ጀርባዋን ወደ ጉልቱ አድርጌ ዳገቱ ላይ ቆምኩ። ካምቢዮውን ፒ ላይ አደረግኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። የእጅ ፍሬኑን አልሳብኩም። ፒ እያለ የእጅ ፍሬን ምን ይሠራል ብዬ ልማዴን ትቼው ከርሜ ነበር። "የኔታ፣ በሩን ልክፈትና እመጣለሁ" ብዬ ወረድኩ።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ እጀታ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ ራሱ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። የመቋሚያም ራስ እንደዚያው ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሰው፣ ያውም የማያይ፣ መቋሚያውን ፍለጋ በወንበሮቹ መካከል እጁን ቢሰድ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን እጀታ ነው። የኔታ አገኙት። በለመደ እጃቸው ጭብጥ አድርገው ያዙት፤ ጭብጡ እጀታው ላይ ያለችውን የመልቀቂያ ቁልፍ ተጫነ፤ ሊነሱ ሲሉ ደግሞ ወደ ራሳቸው ሳቡት። መቆለፊያው ቢኖር ኖሮ አይነቃነቅም ነበር።

እኔ የሰማሁት የጎማ ድምፅ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ጎማ። ዞር ስል መኪናዋ ሁለት እርምጃ ያህል ወርዳለች። የኔታ ከውስጥ "ኧረ ልጄ፣ ምንድነው?" ይላሉ። እውነቴን ነው፤ አልሮጥኩም። ከታች ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት ይመዝናሉ። "ሽሹ!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም።

አያ ጥጋቡ ከየት መጡ ሳልል ድንጋያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላ ጎማው ሥር ወደቁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ተንገዳገደ፤ ቆመ። አያ ጥጋቡ አልተነሱም።

"የእጅ ፍሬኑን!" አሉ በተቆረጠ ድምፅ። "የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ አንተ ሰው!"

ገብቼ ሳብኩት። ስወርድ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጣቶቻቸው በድንጋዩና በመንገዱ መካከል ገብተው ነበር። እጃቸውን ለማየት ደፈርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። የጉልቱ ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። ሽንኩርት የሚሸጡት እማማ ጥሩ ሰው "ምን ሆኖ ነው፣ መምህር? እንዴት ተለቀቀች?" አሉኝ። ሁሉም አፌን ያያል።

"የኔታ ካምቢዮውን ነክተውት ነው" አልኩ። "ዓይናቸው እኮ አያይም።"

እንዲህ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ራሴን "ውሸት እኮ አይደለም፤ ነክተውታል" ብዬ አባብየዋለሁ። ውሸት ነው። ከዚያ የከፋ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

የኔታን ደግፈው አውርደዋቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "እኔ ነኝ?" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። "ሰው ተጎዳ?"

"ምንም አልሆንሁም፣ የኔታ" አሉ አያ ጥጋቡ። "ጣት ናት።"

አያ ጥጋቡን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሁለት ጣት ተሰብሯል፤ ጄሶ ተደረገላቸው። በመንገድ ላይ ምንም አልጠየቁኝም። ስንመለስ የመጀመሪያ ሐሳቤ ስለ እሳቸው ጣት እንዳልነበረ ልንገራችሁ። ስለ ካርቶኗ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ወደ መኪናዋ ገባሁ። ቀዳዳዋ ባዶ ናት። ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ወንበሩን ገፋሁ፣ በእጄ ዳበስኩ። ካርቶኗ የለችም። ከመኪናዋ ውስጥ የጎደለ ሌላ ነገር የየኔታ መቋሚያ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤት ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማን እንዳስገባው ለመጠየቅ ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጥቅልላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"መናኸሪያ አድርሰኝ" አሉ። "አምባ ጊዮርጊስ እገባለሁ።"

"ሁለት ሰዓት ላይ እኮ ቀጠሮ አለ፣ የኔታ!"

"አውቃለሁ። የሰው ጣት ሰብሬ ለራሴ ዓይን ልሻ? ጥጋቡ እጁ እስኪድን የእኔም ዓይን ይቆይ። ንስሐዬ ነው።"

ሰብለ ተንበርክካ ለመነቻቸው። "አባባ፣ ሐኪሞቹ ነገ ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይገኙም። ተማሪዎችዎስ?"

"ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ነበር አሉ፣ ልጄ። አንዱን ብገድልስ? ይህ እጅ ከእንግዲህ ምንም ባይነካ ይሻላል።" ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ደበቁት። ለተማሪ ዜማ ሲመሩ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት እጅ ነው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በዚያች ደቂቃ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ሰብለ ዞራ "ምነው አንተ አትለምናቸውም?" አለችኝ። "እምቢ ካሉ ምን አደርጋለሁ" አልኩ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሰብለ ስልክ ደውላ ስትለማመጥ ዋለችና ወረፋቸውን ወደ ረቡዕ ጠዋት አዛወረች፤ የመጨረሻው ቀን ነው። "እስከ ነገ ካላሳመንካቸው አለቀ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አያ ጥጋቡ ዘንድ ሄድኩ። እንዲለምኑልኝ ነው የሄድኩት፤ እሳቸው "ይቅር ብያለሁ" ቢሏቸው የኔታ እሺ ይላሉ ብዬ። እጃቸውን በነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ በግራ እጃቸው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈች ካርቶን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጧት።

"ትናንት ከሐኪም ቤት ስንመለስ መቋሚያውን ላስገባ ሄጄ አየኋት" አሉ። "ሰው ቀድሞኝ እንዳያያት አወጣኋት።"

ፊቴ ነደደ። "ለምን ... ለምን አልተናገሩም?"

"ሰው ፊት ላዋርድህ? መምህር እኮ ነህ። ደግሞ እኔ ስናገረው ምን ይረባል? ለየኔታ ስትነግራቸው ትፈልጋታለህ ብዬ ነው ያስቀመጥኋት።"

እሳቸው ወደ መንገዱ እያዩ ቀጠሉ።

"ረዳት ሳለሁ ሊማሊሞ ላይ ሾፌሬ 'ታኮ አደረግህ?' አለኝ። ብርድ ነበረ፤ ከጋቢናው ሳልወርድ 'አደረግሁ' አልሁት። ማኪናዋ ተንሸራታ የአንድ ድሃ በቅሎ ገደለች። ባለ በቅሎው ሾፌሬን ሲረግመው ቆሜ ሰማሁ። ሾፌሬ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነው የሞተ፤ አልነገርሁትም። ዛሬ ልንገር ብል ለማን እነግራለሁ? ያንተ አባት ግን ይኸው፣ በር ማዶ ናቸው።"

መንገዱን ለመሻገር ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። የኔታ ግቢው ውስጥ ግንቡ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ካርቶኗን መዳፋቸው ላይ አደረግኩ። በጣታቸው ዳበሷት።

"ምንድናት?"

"የዓይን ጠብታዎ ካርቶን ናት። የመኪናዋን መቆለፊያ በእሷ ነው ያበላሸሁት። እሷ ባትኖር ኖሮ እርስዎ ቢጎትቱትም አይነቃነቅም ነበር። የእጅ ፍሬንም አልያዝኩም። አያ ጥጋቡ ታኮ እንዳያደርጉ የከለከልኩም እኔ ነኝ። የእርስዎ እጅ ምንም አላጠፋም፣ የኔታ። እኔ ነኝ።"

ካርቶኗን ዘረጓት፣ እንደገና አጠፏት።

"ሰኞ ሰው ሁሉ ሲጠይቅህ ይህን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ዛሬ ጠዋት ሰብለ ስትለምነኝስ?"

"አውቅ ነበር።"

"ማኪናውስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል" አሉ። "ስለማላይ ነው እንጂ፣ ልጄ። ስለማላይ ነው የጫንህብኝ።"

አለቀስኩ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነበር፤ እንደዚያ ያለቀስኩት እናቴን የቀበርን ቀን ብቻ ነው። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ አላደረጉም። ልጅ ሳለሁ ባጠፋሁ ጊዜ ገርፈውኝ ሲያበቁ ያደርጉት ነበር፤ ያን ቀን ግን አላደረጉትም። ሲነሱ ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ግድግዳውን ዳብሰው ብቻቸውን ገቡ። ከውስጥ ሆነው "ነገ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

ረቡዕ በባጃጅ ሄድን። በአንድ በኩል የያዟቸው አያ ጥጋቡ ናቸው፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላቸው ሰብለ፣ አያ ጥጋቡና እኔ ፊታቸው ቆመናል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ፤ እንባ ወረዳቸው። ከዚያ "ጥጋቡ ማነው ከእናንተ?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ የኔታ።"

"እጅህን አምጣው።" ጄሶውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ጎንበስ ብለው ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። ስድስት ዓመት ያላዩትን ፊት በዚያ ሁኔታ ነው ያሳየኋቸው፤ መሬት መሬት የሚያይ ፊት።

"እውነትም ሸብተሃል" አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉልቱ ላይ ቆሜ፣ ያኔ የነበሩት ሁሉ ባሉበት፣ "ሰኞ ዋሽቻችኋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የየኔታ አልነበረም" አልኩ። እማማ ጥሩ ሰው ሽንኩርታቸውን እያስተካከሉ "እኛማ ጠርጥረን ነበር" አሉኝ። "አባቱን የሚያሳጣ ልጅ አይተን ስለማናውቅ ግን አመንህ።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መኪናችሁ ከፒ አልወጣ ብላችሁ ታውቅ ይሆናል፤ አንድ ቀን ማለቷ አይቀርም። ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ፤ ነውር የለውም። ሜዳ ላይ ትሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ይግባ፤ ውስጧ ሰው አይቀመጥ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ይይላችሁ፤ ሲነግራችሁም አመስግኑት። ፊውዟ ከተቃጠለች በልኳ ሌላ ፊውዝ እንጂ ሽቦ አታስገቡባት። በሽታውን ካገኛችሁ በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው። ያቺን ቀዳዳም ለመጎተት ካልሆነ አትንኳት። መቆለፊያ የተሠራው ለማያይ፣ ለማያውቅና ለልጅ መሆኑን እኔ ለሃያ ዓመት አስተምሬ አላወቅኩትም ነበር። አሁን በመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ሰሌዳው ላይ ከመጻፌ በፊት ይህን ታሪክ እናገራለሁ። ሁልጊዜ "ስለማላይ ነው የጫንህብኝ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ።

የአያ ጥጋቡ ሁለት ጣቶች ጠምመው ነው የዳኑት። ካርቶኗ የኔታ ዘንድ ናት። ድጓቸው ውስጥ አንብበው ያቆሙበትን ገጽ ምልክት ያደርጉባታል፤ እኔ ስሄድ መጽሐፉን ሲገልጡ አያታለሁ። ስለ እሷ አንሥተን ተነጋግረን አናውቅም።

ከዓመት ዓመት ለበዓል ሳመጣቸው ቁስቋም ዳገት ላይ እቆማለሁ። የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፤ ወርጄ ድንጋዩን አነሳለሁ። የኔታ ከወንበራቸው አይነቃነቁም፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ይመለከቱኛል። ዛሬ የመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር ያያሉ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሳደርግ እያዩኝ ነው።

"ታኮው ገባ?" ይሉኛል።

"ገባ፣ የኔታ።"

ያን ጊዜ ይወርዳሉ።